ባለቤቴ የፈራችው የወይን ክፍል

ውድ አማካሪ፣ እንደምን ሰነበቱ?

46 ዓመቴ ነው። ትዳር ከመሠረትኩ 17 ዓመት ሞልቶኛል። የ15 እና የ11 ዓመት ልጆች አሉን። ጉዳዬ ለአንዳንድ ሰው የቅንጦት ወሬ ሊመስል ይችላል። እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ወይን እወዳለሁ። መጠጣቱን ብቻ ሳይሆን የት እንደበቀለ፣ በየትኛው ዓመት እንደተጠመቀ ማንበብ ደስ ይለኛል። አንዱን ጠርሙስ አቆይቼ ከዓመታት በኋላ እንዴት እንደተለወጠ መቅመስም እወዳለሁ። በስምንት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ 160 ያህል ጠርሙስ አጠራቅሜያለሁ። አልጋ ሥር አለ፣ ኮሪደር ላይ በካርቶን አለ፣ ፍሪጅ አናት ላይ ሳይቀር ደርድሬያለሁ። ባለፈው ወር ለጋብቻችን ቀን ብዬ ለዓመታት ያቆየሁትን ስከፍተው ተበላሽቶ ጠበቀኝ። ቡሹ ወደ ላይ ተገፍቷል። ሽታው የተቀቀለ ፍሬ ነው። የተቀመጠው ፍሪጁ አናት ላይ ነበር። ያን ቀን ለወይኖቼ የራሳቸውን ክፍል ልሠራላቸው ቆረጥኩ።

ምድር ቤት ውስጥ 4 በ3 ሜትር የሆነ የዕቃ ክፍል አለን። በአንድ ጥጉ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና ቦይለር አለ። ንድፉን ራሴ ሣልኩ። 600 ጠርሙስ የሚይዝ መደርደሪያ፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት የሆነ በር፣ ውስጡ መብራት፣ ግድግዳው ላይ ኤሲ። ደስ እያለኝ ለባለቤቴ አሳየኋት። ወረቀቱን አይታ ዝም አለች። ከዚያ "ልጆቼን በማሳድግበት ቤት መጠጥ ቤት እንዲከፈት አልፈልግም" አለችኝ። ትንሽ ቆይታም "ያንን ክፍል ለስፌት ሥራዬ እንደምፈልገው ነግሬህ ነበር" አለች። እውነቷን ነው፣ ነግራኛለች። ልብ አላልኩትም።

አባቷ ብዙ ይጠጡ ነበር። ልጅነቷ በዚያ ምክንያት ጥሩ አልነበረም። እኔ ግን እንደ እሳቸው አይደለሁም። በሳምንት አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ጠርሙስ ቢከፈት ነው። ሰክሬ ቤት ገብቼ አላውቅም። ለቤተሰቤ ስሠራ ኖሬ ለራሴ ብዬ የያዝኩት ነገር ይኼ ብቻ ነው። በጠጪ ዓይን መታየቴ ሆዴን አባሰው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከ"ደህና ዋልሽ" የዘለለ ወሬ የለንም።

ሥራውን የሚሠራልኝ ባለሙያ በሚቀጥለው ወር እጀምራለሁ ብሏል። "ሲያልቅ አይታ ትወደዋለች፣ ዝም ብለህ ጀምር" ይለኛል። ልጀምር? ወይስ ልተወው? እስከዚያስ ያሉኝን ጠርሙሶች ምን ላድርጋቸው?

ግራ የገባኝ አባወራ ነኝ

*

ወንድሜ፣

ጉዳይዎ ቅንጦት አይደለም። ለዓመታት ተጠንቅቀው ያቆዩት ነገር ተበላሽቶ ሲገኝ ያሳዝናል። የሚወዱት ሰው ያንኑ ነገር በፍርሃት ሲያየው ደግሞ ይብስ ያማል። ሁለቱም በአንድ ወር ውስጥ ደርሰውብዎታል። ሆድ ቢብስዎት አልፈርድብዎትም።

በቀጥታ ስለጠየቁኝ በቀጥታ ልመልስ። በሚቀጥለው ወር አይጀምሩ። ሐሳቡንም አይተዉት። ባለሙያው ስለ ግንብ ያውቃል፤ ስለ ባለቤትዎ ልጅነት ግን አያውቅም። "ሲያልቅ ትወደዋለች" የሚለው ምክር ለቀለም ምርጫ ይሠራ ይሆናል። ለዚህ ግን አይሆንም። እሷ እምቢ ባለችበት ማግስት መዶሻ ቢሰማ የምትሰማው መልእክት አንድ ብቻ ነው፤ "ያልሽው አልቆጠርኩትም" የሚል። ስፌቱን በተመለከተ ይህን አንድ ጊዜ ሰምታዋለች። ሁለተኛ አያሰሟት።

እስቲ ንድፉን በእሷ ዓይን ይዩት። 600 ቦታ አለ። ያለዎት ወይን 160 ነው። 440ው ባዶ ነው ማለት ነው። እርስዎ ባዶውን ሲያዩ ገና የሚያገኟቸው ወይኖች ይታዩዎታል። እሷ ስታየው ገና ወደ ቤቷ የሚገባ መጠጥ ይታያታል። መስታወቱና መብራቱ ደግሞ ልጆቹ በዚያ ባለፉ ቁጥር ዓይናቸው እንዲያርፍበት የተሠራ ይመስላል። በጠጪ ወላጅ ቤት ያደገ ሰው ጠርሙስ መቁጠር ሊለምድ ይችላል። ስንት እንደነበረ፣ ስንት እንደቀረ፣ ማታው እንዴት ሊያልፍ እንደሚችል ከዚያ ይገምታል። ያ ልማድ ካደጉም በኋላ በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ "መጠጥ ቤት" ያለችው እርስዎን ለመሳደብ አይመስለኝም። ወረቀቱ ላይ ያየችው ቁጥር ነው ያስደነገጣት።

እኔም ያንን ቁጥር ሳየው ቆም አልኩ። ለእሷ ብዬ ብቻ ሳይሆን ለወይኖችዎም ብዬ ነው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ከከፈቱ በዓመት በአማካይ 80 ያህል ነው። ያለዎት 160 የሁለት ዓመት ወይን ነው። 600 ግን አንድም ሳይጨምሩበት ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ይወስዳል። በዓለም ላይ የሚጠመቀው አብዛኛው ወይን ደግሞ ለስምንት ዓመት ታስቦ አልተሠራም። በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ ነው የሚሠራው። አብዛኛው ነጭ ወይን፣ ሮዝ ቀለም ያለው ሮዜና ቀለል ያለ ቀይ ሲቆዩ ፍሬያማ ጠረናቸው እየጠፋ ይሄዳል እንጂ አይሻሻሉም። ሲቆይ የሚያምርበት ጥቂቱ ነው። ከካበርኔ ሶቪኞንና ከኔቢዮሎ የወይን ፍሬ የተሠሩ ጥሩ ቀይ ወይኖች፣ ጥሩ ነጭ ሪስሊንግ፣ የፈረንሳዩ የቦርዶ አካባቢ ምርጦች፣ እንደ ሶተርን ያለ ጣፋጭ ወይን፣ ቪንቴጅ ፖርት የሚባለው የፖርቱጋል ጠንካራ ጣፋጭ ወይን፤ የመሳሰሉት ናቸው። ባዶ መደርደሪያ ደግሞ "ሙላኝ" ይላል። 600 ቦታ ከሠሩ ወይ መጠጡ ይጨምራል፣ ወይ ወይኑ ጊዜው እያለፈበት ይከማቻል። ሁለቱንም የሚፈልጉ አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ወይን ራሱ ምን እንደሚፈልግ እንይ። እዚህ ላይ ነው እርስዎና ባለቤትዎ ከምታስቡት በላይ እንደምትቀራረቡ የገባኝ።

ወይን ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ጥሩ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ግን አለመለዋወጡ ይበልጣል። ዓመቱን ሙሉ 16 ዲግሪ የሚሆን ክፍል ቀን 22 ሌሊት 12 ከሚሆን ክፍል ይሻላል። ሲሞቅ ፈሳሹ ይሰፋል፤ ቡሹን ይገፋል። ሲበርድ ይሰበሰባል፤ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ያ ሲደጋገም ነው የእርስዎ ጠርሙስ ላይ የደረሰው የሚደርሰው። ፍሪጅ አናት ቤት ውስጥ ለወይን እጅግ ከከፉት ቦታዎች አንዱ ነው። ሙቀት ከታች ይወጣል፣ ሞተሩ ያንቀጠቅጣል፣ የወጥ ቤት መብራት ያርፍበታል።

ጨለማም ይፈልጋል። ብርሃን፣ በተለይ አልትራቫዮሌት ጨረር፣ ወይኑ ውስጥ መጥፎ የሰልፈር ሽታ ይፈጥራል። ቀለም በሌለው ጠርሙስ ውስጥ ያለው ቶሎ ይጎዳል። ጸጥታ ይፈልጋል፤ ከማጠቢያ ማሽን አጠገብ መሆን የለበትም። እርጥበቱ ከ60 እስከ 70 በመቶ ቢሆን ቡሹ አይደርቅም። በጣም ከበዛ ጠርሙሱ ላይ ያለው ወረቀት ይሻግታል፤ ለወይኑ ግን ከደረቅ አየር ይሻለዋል።

እንግዲህ የመስታወት በርና መብራት ከዚህ ሁሉ የትኛውን ይጠቅማል? አንዱንም። መስታወት ሙቀትን ከጥሩ ድፍን በር በባሰ ያስገባል። መብራቱም ለሰው ዓይን ነው እንጂ ለወይኑ አይደለም። ወይንዎ የሚፈልገው ትንሽ፣ ጨለማ፣ ድፍን በር ያለው፣ የሚዘጋ ቦታ ነው። ባለቤትዎም ብትጠየቅ ከዚህ የተለየ የምትፈልግ አይመስለኝም።

ይህን ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በ2010 እ.ኤ.አ. በባልቲክ ባሕር፣ ኦላንድ ደሴቶች አጠገብ፣ ከሰመጠ መርከብ ውስጥ 168 የሻምፓኝ ጠርሙሶች ተገኙ። 50 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ 170 ዓመት ገደማ ተኝተው ነበር። የባሕሩ ወለል ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው፣ ጨለማ ነው፣ አይነቃነቅም። አንዳንዶቹ ተከፍተው ሲቀመሱ ገና ሕይወት ነበራቸው። መደርደሪያ፣ መብራት፣ የሚያያቸው ሰው አልነበረም።

ወደ እናንተ ልመለስ። ከንግግሩ በፊት ለራስዎ ብቻ የሚመልሱት ጥያቄ አለኝ። ቅር አይበልዎት፤ የምጠይቀው እሷ ልትጠይቅዎት የምትፈራው ይህ ሊሆን ስለሚችል ነው። በሳምንት የሚከፈተውን አንድ ወይም ሁለት ጠርሙስ ማን ነው የሚጠጣው? አራት ሰው የተካፈለው ጠርሙስና አንድ ሰው ብቻውን የጨረሰው ጠርሙስ አንድ አይደሉም። ከሦስት ዓመት በፊት በሳምንት ስንት ይከፈት ነበር? ቀኑ ከባድ ሲሆን እጅዎ ወደ ጠርሙሱ ይሄዳል? አንድ ወር ምንም ሳይከፈት ቢያልፍ ይከብድዎታል?

መልሱ እርስዎ እንዳሉት ቀላል ከሆነ በልበ ሙሉነት ይነግሯታል። መልሱ ትንሽ ካሳሰበዎት ግን የግንባታው ጉዳይ ለጊዜው ይቆይና ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ያነጋግሩ። ያ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። እኔ ከደብዳቤዎ ተነሥቼ ጠጪ ነዎት ማለት አልችልም፤ አልልምም።

ከዚያ ንግግሩ። ንድፉን ይዘው አይሂዱ። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ካለ ወሬው ስለ መደርደሪያ ይሆናል። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ማንም የማይቸኩልበት ሰዓት ይምረጡ። በዚያ ማታ ወይን አይከፈት። በይቅርታ ይጀምሩ፤ በስፌቱ። "ክፍሉን ለሥራሽ እንደምትፈልጊው ነግረሽኝ ነበር። ልብ ሳልል ሌላ ነገር ሣልኩበት። ይቅርታ" ቢሏት ይበቃል። "ግን" አይጨምሩበት።

ቀጥሎ ይጠይቋት። "ያን ወረቀት ስታዪ ምን ታየሽ?" ይበሏት። ስለ አባቷ ልታወራ ትችላለች። ላታወራም ትችላለች። ካወራች "እኔ እኮ እንደ እሳቸው አይደለሁም" ለማለት ይቸኩሉ ይሆናል። ያን ጊዜ ትንሽ ይታገሱ። የምትፈልገው መጀመሪያ እንዲሰሟት ነው። እሷ ከጨረሰች በኋላ የእርስዎ ተራ ይደርሳል። ያኔ ያመመዎትንም ይንገሯት። "በጠጪ ዓይን ያየሽኝ መስሎኝ ሆዴ ባሰ" ማለት ክስ አይደለም። ለቤተሰብ ሲሠሩ ኖረው ለራስዎ የያዙት ነገር ይህ ብቻ መሆኑን እሷ በእርግጥ ታውቃለች? ስለ ወይኑ ምን እንደሚወዱ ነግረዋት ያውቃሉ? ለእኔ በጻፉልኝ ደብዳቤ ውስጥ ጥሩ አድርገው ገልጸውታል። ለእሷ ያሳዩዋት ግን ልኬት ያለበት ወረቀት ነው።

በአንድ ማታ ሁሉም ነገር ካላለቀ አይጨነቁ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? ሥሩ የ17 ዓመት ትዳር ሳይሆን ከዚያም የቀደመ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ወሬ ሊፈልግ ይችላል።

ስትስማሙ ምን ልትሠሩ ትችላላችሁ? የእኔን ሐሳብ ልንገርዎት።

ከሁሉ በፊት ክፍሉን ይለኩ። ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀትን መዝግቦ የሚያስቀር፣ እርጥበትም የሚለካ ትንሽ ዲጂታል መለኪያ ይግዙ። ከቦይለሩ በራቀው ጥግ ወለሉ አካባቢ ያስቀምጡት። ቢያንስ አንድ ወር ይተዉት፤ ሞቃቱ ወቅት ሲመጣ ደግሞ ይድገሙት። በውኃ የተሞላ ጠርሙስ ውስጥ ቴርሞሜትር ቢያስገቡ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል። አየሩ በር ሲከፈት ሁሉ ይለዋወጣል። ጠርሙስ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው፤ ወይንዎ የሚሰማውን የሚነግርዎት እሱ ነው። ይህን ሳይለኩ ማቀዝቀዣ የሚያዝዙ ሰዎች ብዙ ናቸው። በኋላ ወይ ያልበቃ ይሆናል፣ ወይ ከነጭራሹ የማያስፈልግ።

በዚያው ወር 160ዎቹን ይለዩ። ሁሉንም ደብተር ላይ ይመዝግቡ። ምን እንደሆነ፣ የየትኛው ዓመት እንደሆነ፣ መቼ ቢጠጣ ጥሩ እንደሆነ ይጻፉ። እንደምገምተው አብዛኞቹ በዚህና በመጪው ዓመት መጠጣት ያለባቸው ይሆናሉ። በእርግጥ መቆየት ያለባቸው ሩብ ያህሉ ቢሆኑ አይገርመኝም። ደብተሩ ለሁለታችሁም ክፍት ይሁን። ባለቤትዎ እንድትቆጣጠርበት አይደለም። ስትፈልግ አይታ ልቧ እንዲያርፍ ነው። ካልፈለገች አታየውም።

ከዚያ በኋላ ወደ ግንባታ ከመግባትዎ በፊት አንድ የወይን ፍሪጅ ብትገዙ ደስ ይለኛል። ከ40 እስከ 50 ጠርሙስ የሚይዝ፣ ድፍን በር ያለው ወይም ጨረር የሚከላከል ጠቆር ያለ መስታወት ያለው፣ በቁልፍ የሚዘጋ። የወጥ ቤት ፍሪጅ ወደ 4 ዲግሪ ይወርዳል፣ አየሩም ደረቅ ነው። ለጥቂት ሳምንት እንጂ ለዓመታት አይሆንም። የወይን ፍሪጅ ግን ለዚሁ የተሠራ ነው። ሲገዙ ሙቀቱን ከየት በኩል እንደሚያስወጣ ይጠይቁ። ከኋላ የሚያስወጣውን ጠባብ ቁም ሳጥን ውስጥ ከከተቱት መተንፈሻ አጥቶ ሊቃጠል ይችላል። ክፍሉ የሚሞቅ ከሆነ ኮምፕሬሰር ያለው፣ ማለትም እንደ ተራ ፍሪጅ በሞተር የሚያቀዘቅዘው፣ ይሻላል። ያለ ኮምፕሬሰር የሚሠራው ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ነገር ግን በሞቃት ክፍል ውስጥ አቅም ያንሰዋል።

እንዲህ አድርጋችሁ አንድ ዓመት ኑሩ። ለመቆየት ያልተሠሩትን ከእንግዳ ጋር እየተጋሩ ይጨርሱ። አዲስ የሚገዙት ከሚከፍቱት እንዳይበልጥ ይሞክሩ። ያ ዓመት ለባለቤትዎ ከማንኛውም ቃል በላይ ይነግራታል። ለእርስዎም በእርግጥ ስንት ቦታ እንደሚያስፈልግዎ ያሳይዎታል። ምናልባት ፍሪጁ ብቻ በቂ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

በቂ ካልሆነና ሁለታችሁም እሺ ካላችሁ ደግሞ ያንን ክፍል ለሁለት ከፍላችሁ ሥሩ። አንድ ጠርሙስ በመደርደሪያ ላይ ሲተኛ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ይበቃዋል። ጥልቀቱ ከ30 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ነው። 1.2 ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመት ያለው አንድ መደርደሪያ 240 ጠርሙስ ይይዛል። እርስዎ የሚቆሙበትን ጨምሮ ቁም ሳጥን የሚያህል ጥግ ነው የሚወስደው። የቀረው ክፍል ለስፌት ማሽኑ፣ ለጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛው ይተርፋል። ንድፉን አሁን ሁለታችሁ አብራችሁ ሣሉት፤ ጥሩ መብራት የሚያስፈልጋት እሷ ስለሆነች መብራቱ ወደ እሷ በኩል ይሂድ።

ጥጉ ከማጠቢያ ማሽኑና ከቦይለሩ በተቃራኒ ይሁን። ግድግዳውና ጣሪያው በፎም ይሸፈን። ከፎሙ ውጭ፣ ሞቃቱ አየር ባለበት በኩል፣ ወፍራም ፕላስቲክ ሳይቆራረጥ ይዘርጋ። ባለሙያዎ ይህን በደንብ ማወቁን ያረጋግጡ። ፕላስቲኩ በቀዝቃዛው በኩል ከሆነ እርጥበት ግድግዳው ውስጥ ይታፈንና ይሻግታል። ከውስጥ የሚለበደው ጂፕሰም ቦርድ እርጥበት የሚችለው ዓይነት ይሁን። በሩ እንደ ውጭ በር ወፍራም ይሁን፤ ዙሪያውንና ከታቹ ጎማ ይኑረው። ሽታ ያለው ቀለም፣ ነዳጅ ወይም ማጽጃ እዚያ አይቀመጥ። የሞላ ጠርሙስ ከ1.2 እስከ 1.5 ኪሎ ይመዝናል። 240ው ሲሞላ ወደ 300 ኪሎ ይጠጋል፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው። መደርደሪያው ከግድግዳው ጋር በደንብ ይታሰር።

ስለ ኤሲው ልጨምር፤ ንድፍዎ ውስጥ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ተራ የቤት ኤሲ አብዛኛውን ጊዜ ከ16 ዲግሪ በታች አይወርድም፤ አየሩንም ያደርቀዋል። ለወይን ክፍል የሚሠራ የራሱ ማቀዝቀዣ አለ። እሱም ቢሆን ከውስጥ የወሰደውን ሙቀት የሆነ ቦታ መጣል አለበት። ግድግዳ ላይ የሚገጠመው ዓይነት ሙቀቱንም ድምፁንም ወደ ጎረቤት ክፍል ነው የሚጥለው። ያ ክፍል የባለቤትዎ የስፌት ክፍል ይሆናል። እሷ እዚያ ተቀምጣ እየሠራች የወይንዎ ሙቀት ፊቷ ላይ እንዲነፍስ አይፈልጉም። ስለዚህ ማቀዝቀዣ የግድ ካስፈለገ ሙቀት የሚጥለው አካሉ ከቤት ውጭ የሚገጠም፣ በሁለት የተከፈለ ዓይነት ይሁን። መለኪያዎ ያ ጥግ ዓመቱን ሙሉ ከ16 ዲግሪ ብዙም እንደማይርቅ ካሳየ ግን፣ ጥቂት ዓመት ለሚቆይ ወይን ፎሙና ጥሩ በር ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ምድር ቤት ስለሆነ ያ ተስፋ አለ።

ልጆቹን በተመለከተ ቁልፍ ይኑር። የ15 ዓመት ልጅዎ የተለየ ክፉ ነገር ያደርጋል ብዬ አይደለም። ባለቤትዎ "በሩ ተቆልፏል" ብላ ተኝታ እንድታድር ነው። ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ እሷ ትወስን። ይህን ሳትጠይቅዎት ቢያቀርቡላት ትልቅ ነገር ነው።

ወጪውንም አብራችሁ ተመልከቱት። የግንባታው ወጪ አንድ ጊዜ ነው። የመብራቱ ግን በየወሩ ነው፤ ማቀዝቀዣም ዕድሜ አለውና ይቀየራል። ይህ የቤት ገንዘብ ስለሆነ የስፌት ክፍሉም ከዚያው በጀት ድርሻ ይኑረው።

አሁን ያሉት ጠርሙሶች ግን እስከዚያ አይጠብቁም። ዛሬ ማታ ፍሪጅ አናት ላይ ያሉትን ያውርዱ። ኮሪደሩም ብርሃን ያገኘዋል። ቤት ውስጥ የውጭ ግድግዳ የማይነካው፣ ፀሐይ የማይገባበት ቁም ሳጥን ካለ ወለሉ ላይ ያስቀምጧቸው፤ ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ ከታች ይሻላል። ቡሽ ያላቸውን ያስተኟቸው፣ ቡሹ እንዳይደርቅ። የሚዞር ክዳን ያላቸው ቢቆሙም ግድ የለም። ሲያነሷቸው አንገታቸውን ይዩ። ቡሹ ከፍ ያለ፣ ያንጠባጠበ ወይም ወይኑ ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ካለ ለብቻው ይለዩት፤ እሱን መጀመሪያ ይክፈቱት። አንዱ ተበላሸ ማለት ሁሉም ተበላሹ ማለት አይደለም። አልጋ ሥር የነበሩት ከፍሪጅ አናቱ በጣም የተሻለ ዕድል አላቸው።

ባለሙያው ዘንድ ደግሞ ነገ ይደውሉና ሥራው እንደተራዘመ ይንገሩት። ለምን ብሎ ቢጠይቅ "ንድፉን ከባለቤቴ ጋር እየቀየርነው ነው" ማለት ይችላሉ። የአንድ ወር ልኬቱን ሲይዙና ከእሷ ጋር ሲነጋገሩ ይጻፉልኝ። ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ቁጥር ይላኩልኝ፤ ያ ጥግ ማቀዝቀዣ ያስፈልገው እንደሆነ ያኔ በቁጥር እንነጋገራለን። እሷም የምትጨምረው ካለ በራሷ እጅ ብትጽፍልኝ ደስ ይለኛል።